ካርዱ ላይ 17ኛ የወጣ ልጅ «ሰነፍ» ነው?

«ልጅሽስ፣ ጎበዝ ነው?» «ምን ጎበዝ ነው፣ ሰነፍ ነው እንጂ! ዘንድሮ 17ኛ ወጣ።» ሰኔ 30 ካርድ ከተሰጠ በኋላ ባለው ሳምንት ጎንደር ላይ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም። በአማርኛ «ጎበዝ» ስንል ሁለት ነገር በአንድ ቃል እንጠራለን፤ ቶሎ የሚገባውም ጎበዝ ነው፣ ደክሞ የሚሠራውም ጎበዝ ነው። «ሰነፍ»ም እንዲሁ፤ ያልገባውም ያልሠራውም ሰነፍ ነው። ቃሉ ሁለቱን ስለማይለያቸው እኛም ሳንለያቸው እንቀራለን። ያልገባውን ልጅ «ጨዋታ ትተህ አጥና» እንለዋለን፤ ገብቶት የሰለቸውን ልጅ ደግሞ አስጠኚ እንቀጥርለታለን። መድኃኒቱ ተቀያየረ ማለት ነው።

ካርዱም እንደ ቃሉ ነው። «ሒሳብ 62» የሚለው ቁጥር ልጁ የገባው፣ ልጁ የደከመው፣ መምህሩ ያረመበት እጅ፣ ፈተናው የወጣበት መንገድና የቤቱ ሁኔታ አንድ ላይ የተፈጩበት ዱቄት ነው። ዱቄቱን አይቶ ስንዴው ስንት ገብሱ ስንት እንደነበር መናገር አይቻልም። እህሉ የሚታየው ከመፈጨቱ በፊት ነው፤ እሱም የፈተና ወረቀቱ ላይ ነው።

62 ከምን ተሠራ?

የውጤት አያያዙ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ተከታታይ ምዘናው 40፣ ማጠቃለያው 60 የሆነበትን እንውሰድ። 40ው እንዲህ ተከፋፍሎ ሊሆን ይችላል፦ ቴስት 10፣ ሚድ 15፣ የቡድን ሥራ 5፣ የቤት ሥራና ደብተር 5፣ የክፍል ተሳትፎ 5።

ከትንንሾቹ እንጀምር። የደብተር 5 የሚለካው ደብተሩ መሙላቱን ነው። ማታ ቁጭ ብሎ ከጓደኛው የገለበጠም፣ ገብቶት የጻፈም እኩል 5 ያገኛሉ፤ ገብቶት ሳለ ጽሕፈቱ የማያምር ልጅ ግን 3 ሊያገኝ ይችላል። የቡድን ሥራውን ሁሉም ያውቀዋል፦ ከቡድኑ አንዷ ትሠራለች፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ፣ ሁሉም 5 ከ5። ተሳትፎ ደግሞ 65 ልጅ ባለበት ክፍል የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ለሁሉም እኩል ቢከፋፈል፣ መምህሩም አንድ ቃል ባይተነፍስ፣ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 37 ሰከንድ ነው። እጁን የማያወጣ ዓይን አፋር ልጅ እዚህ ላይ የሚያጣው ነጥብ ከአእምሮውም ከትጋቱም ጋር አይገናኝም።

ትልቁ ጉዳይ ግን ምርጫ ነው። 50 ጥያቄ ያለው ፈተና ይውሰዱ፤ 10ሩ እውነት ሐሰት፣ 40ው ባለ አራት አማራጭ። ምንም ሳያነብ የገባ ልጅ በግምት ብቻ ከመጀመሪያው በአማካይ 5፣ ከሁለተኛው 10፣ በድምሩ 15 ያመጣል። ከሁለቱም ክፍል ግማሽ ግማሹን የሚያውቅ ልጅ ደግሞ 25ቱን ሠርቶ ቀሪውን ሲያከብብ 7 ወይም 8 ይጨመርለትና 65 በመቶ ገደማ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ካርድ ላይ ያለ 65 «ግማሹን ብቻ ያውቃል» ማለት ሊሆን ይችላል። ከ50 በላይ ስለሆነ ልጁ ያልፋል፤ ያላወቀው ግማሽ ግን ዕዳ ሆኖ አብሮት ያልፋል። ሒሳብ ላይ ይህ ዕዳ ወለድ አለው፦ ክፍልፋይ በጊዜው ያልገባው ልጅ ሁለት ክፍል ከፍ ብሎ ያልታወቀ ቁጥር ፈልግ ሲባል የሚጥለው አዲሱ ትምህርት ሳይሆን ያው የድሮው ክፍልፋይ ነው።

መምህሩ ለምን ምርጫ ያበዛል? ስንፍና አይደለም፤ ሒሳቡን ይሥሩት። በአምስት ክፍል 60፣ 60 ተማሪ የሚያስተምር ሰው 300 ወረቀት አለው። አሠራር የሚታይበትን ወረቀት በ3 ደቂቃ ቢያርም 15 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ይህ ለአንድ ፈተና ብቻ ነው። ምርጫ ግን በቁልፍ መልስ ይታረማል። ምርጫ የበዛበትና ተማሪው ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት ክፍል ደግሞ ለኩረጃ እንደተከፈተ በር ነው።

ይህ ሁሉ ተደማምሮ ምን እንደሚያመጣ አገር ያየው በ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። እነዚያ ልጆች ግን ለዓመታት ካርዳቸው «ተዛውሯል» እያለ ከክፍል ክፍል ያሻገራቸው ናቸው። የአንድ ትውልድ አእምሮ በአንድ ክረምት አልደነዘዘም፤ የካርዱ ቁጥርና የብሔራዊ ፈተናው ቁጥር የሚለኩት ነገር የተለያየ ነበር።

ያረመው እጅስ? እ.ኤ.አ. በ1912 አሜሪካ ውስጥ ስታርችና ኤሊየት የተባሉ ተመራማሪዎች የሁለት ተማሪዎችን የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት አባዝተው ወደ ብዙ ትምህርት ቤቶች ላኩና መምህራን እንዲያርሙት አደረጉ። ለአንዱ ወረቀት የተሰጠው ከ64 እስከ 98፣ ለሌላው ከ50 እስከ 97 ነበር። «የቋንቋ ነገር ነው፣ ሒሳብ ቢሆን እንዲህ አይሆንም» የሚል ተቃውሞ ሲነሣ በማግሥቱ ዓመት የጂኦሜትሪ ወረቀት ላኩ፤ ልዩነቱ ጭራሽ ሰፋ፣ ከ28 እስከ 95። አንዱ መምህር የመጨረሻውን መልስ ብቻ ሲያይ ሌላው ለአሠራሩ ነጥብ ይሰጣል፤ አንዱ ለንጽሕና ይቀንሳል፣ ሌላው አይቀንስም። ወረቀቱ ያው አንድ ነው።

ውጤትና አእምሮ

እንግዲህ ካርድ ከንቱ ነው ወደሚለው መሄድ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ውጤትና አእምሮ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የጀርመን ተመራማሪዎች ከ105 ሺህ በላይ ተማሪዎችን የያዙ 240 ናሙናዎችን ሰብስበው በአእምሮ መለኪያ ፈተናና በትምህርት ቤት ውጤት መካከል ያለውን ዝምድና አሰሉ፤ 0.54 ሆኖ አገኙት። ዜሮ ማለት ምንም አይገናኙም፣ 1 ማለት ፍጹም አንድ ናቸው ማለት ነው። ይህን ቁጥር በራሱ ሲያባዙት 0.29 ይመጣል፤ በተማሪዎች መካከል ካለው የውጤት ልዩነት 29 በመቶው ከአእምሮ መለኪያው ጋር አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። የቀረው 71 በመቶ ሌላ ነው።

አይኪው የሚባለው መለኪያም ቢሆን የተወለደው ልጆችን ለማሰለፍ አልነበረም። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከባልደረባው ከቴዎዶር ሲሞን ጋር እ.ኤ.አ. በ1905 ሲያዘጋጀው ዓላማው ልዩ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች መለየት ነበር፤ «የልጅ አእምሮ የማይለወጥ መጠን ነው» የሚሉትንም አጥብቆ ተቃውሟል። መለኪያው ለምን እንደተሠራ መርሳት ጎንደር ላይ የተጀመረ በሽታ አይደለም።

ከቀረው 71 በመቶ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው ራስን መግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዳክወርዝና ሴሊግማን በአሜሪካ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት የዓመቱን ውጤት ይበልጥ አስቀድሞ የተናገረው ከአይኪው ይልቅ ራስን የመግዛት ልማድ ነበር፤ ቁጭ ማለት፣ የቤት ሥራን በጊዜ መጀመር። ይሁንና ራስን መግዛትና የመማር ፍላጎትም አንድ አይደሉም። አባቱን ፈርቶ ሦስት ሰዓት የሚያነብ ልጅ ውጤቱ ጥሩ ነው፣ ፍላጎቱ ግን ገና አልታወቀም፤ የሚታወቀው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚቆጣጠረው ሲጠፋ ነው።

ደረጃ የሚባለው ነገር

ካርዱ ላይ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ብዙ የሚወራለትና ትንሽ የሚናገረው ደረጃ ነው። ሁለት ምክንያት አለው።

አንደኛው ጭንቅንቅ ነው። በ60 ተማሪ ክፍል ውስጥ ከላይና ከታች ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ብዙው መሐል ላይ ይጠጋጋል። 20 ልጆች በ70 እና በ76 አማካይ መካከል ቢገኙ አንድ ነጥብ አማካይ ከሦስት ደረጃ በላይ ዋጋ አለው። 9 የትምህርት ዓይነት ባለው ካርድ ላይ አንድ መምህር በአንድ ፈተና 5 ነጥብ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ አማካዩ በ0.56 ይንቀሳቀሳል፤ ልጁ ሁለት ደረጃ ያህል ወጣ ወይም ወረደ ማለት ነው። ያ 5 ነጥብ ደግሞ ከላይ እንዳየነው የደብተር ነጥብ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው መንፈቅ በ74 አማካይ 12ኛ የነበረች ልጅ በሁለተኛው 75 አምጥታ 17ኛ ልትሆን ትችላለች። ቤት ስትገባ ትገሠጻለች፤ ያሻሻለችው ግን እሷ ነች።

ሁለተኛው አማካዩ የሚደብቀው ነገር ነው። ሁለት ካርድ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የመጀመሪያው፦ አማርኛ 76፣ እንግሊዝኛ 72፣ ሒሳብ 73፣ ሳይንስ 75፣ ኅብረተሰብ 74፣ ዜግነት 75፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ 72፣ ጥበባት 75፣ ስፖርት 74። ሁለተኛው፦ አማርኛ 82፣ እንግሊዝኛ 58፣ ሒሳብ 46፣ ሳይንስ 60፣ ኅብረተሰብ 84፣ ዜግነት 86፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ 72፣ ጥበባት 88፣ ስፖርት 90። የሁለቱም ድምር 666፣ አማካያቸው 74፣ ደረጃቸው እኩል ነው። አንደኛው ልጅ ምንም አልሆነም። ሁለተኛው ግን እንግሊዝኛና ሒሳብ ላይ እየሰጠመ ነው፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሚሆን ዛሬ 84 ያመጣበት ኅብረተሰብ እንኳ ይወርድበታል። ያን ጊዜ «ልጄ 8ኛ ክፍል ድረስ ጎበዝ ነበር፣ ምን ነካብኝ?» ይባላል። የነካው ነገር 7ኛ ክፍል ካርድ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሁሉም ያነበበው ግን ደረጃውን ነው።

የአብነት ትምህርቱ ሌላ መንገድ ነበረው፣ ጎንደሬ ለዚህ እንግዳ አይደለም። የአቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ ትምህርት) ማስመስከሪያ በሆነችው የጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን «ከክፍሉ 17ኛ» የሚባል ደቀ መዝሙር የለም፤ አስመስክሯል ወይም ገና ነው። ከንባብ ቤት ጀምሮ ልማዱ ይኸው ነው፦ ውርድ ንባቡ ያልጠራለት ልጅ ወደ ቁም ንባብ አያልፍም፣ የቀለም ጓደኛው ቢቀድመውም ዳዊት እስኪደግም በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ያም ቢሆን አርጩሜ ነበረው፣ ዓመታትም ይፈጃል፤ ለ65 ልጅ ክፍል ይገለበጥ የሚል የለም። ነገር ግን «ልጁ ምን ያውቃል?» የሚለውን ጥያቄ «ከማን ይበልጣል?» ከሚለው ለይቶ ያውቅ ነበር።

ፍላጎት ሲጠፋ

ብዙ ቤት የሚደረገው ውል ነው፦ «ከ1 እስከ 3 ከወጣህ ስልክ እገዛልሃለሁ።» በዚህ ላይ የቆየ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ወስደው ለአንዱ ቡድን «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» አሉ፤ ለሌላው ሳይነግሩ ሸለሙ፤ ሦስተኛውን ምንም አላሉም። ከቀናት በኋላ ነጻ ጊዜ ሲሰጣቸው በውል የተሸለሙት ከሌሎቹ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ብቻ ሣሉ። ሳይነገራቸው የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። ጉዳቱ ሽልማቱ ላይ ሳይሆን ውሉ ላይ ነበር። ለልጅዎ ስልክ መግዛት ከፈለጉ ይግዙ፤ ከደረጃ ጋር ግን አያዋውሉት። ደረጃ ደግሞ የሌላ ልጅ ጉብዝናም ስለሚወስነው ልጁ በራሱ ሊፈጽመው የማይችለው ውል ነው።

«ልጄ ፍላጎት የለውም» ከማለት በፊት ሁለት ነገር ይፈተሽ። ዓይን አንዱ ነው። ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ ሰሌዳው ካልታየው ከጓደኛው ይገለብጣል፣ ይሳሳታል፣ ይሰለቻል፣ ከዚያ ያወራል፤ መምህሩ «ይረብሻል» ይላል። ግድግዳ ላይ ያለ የቀን መቁጠሪያ ቁጥር ከስድስት እርምጃ ርቀት አንዱን ዓይን በእጁ ሸፍኖ ያንብብ፣ ከዚያ ሌላውን። እኩያው የሚያነበውን እሱ ካላነበበ፣ ወይም ዓይኑን ካጨናቆረ፣ ሐኪም ጋ ይሂድ። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ጎንደር ውስጥ ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሰፈሩ ላይ ተራው ሌሊት ሲደርስ ጀሪካን የሚሞላው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ናት። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ የሚወርደው ውጤት የፍላጎት ሳይሆን የእንቅልፍ ነው። አንድ ሳምንት ከትምህርት ቤት ከተመለሰች እስክትተኛ ያለውን ጊዜ በወረቀት ይመዝግቡት፤ ለጥናት የተረፈው ስንት ደቂቃ እንደሆነ ሲደመር ብዙ ወላጅ ይደነግጣል።

ዕድሜም አለ፣ በተለይ በታችኞቹ ክፍሎች። 1ኛ ክፍል ውስጥ አንዱ ሰባት ሊሞላው ወር ሲቀረው ሌላው ስምንት ሊሞላው ወር ይቀረዋል። ለሰባት ዓመት ልጅ አንድ ዓመት የዕድሜው አንድ ሰባተኛ ነው። ዕድሜ ጨምሮ ቶሎ ማስገባትን እንደ ብልጠት የሚያይ ወላጅ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ወረቀቱን እንዴት እናንብብ?

ከአንድ የትምህርት ዓይነት፣ ሒሳብ እንበል፣ የታረሙ ሦስት ወረቀቶች ይሰብስቡ፤ ሁለት ቴስትና ሚዱ ይበቃል። ነጥቡን አይዩ፣ አይቆጡም። ልጁ የተሳሳተባቸውን ጥያቄዎች ብቻ በአዲስ ወረቀት፣ ያለ ደብተር፣ ያለ ሰዓት ገደብ እንደገና ይሥራ። ምርጫ ከሆነ አማራጮቹን ሸፍነው መልሱን ራሱ እንዲያወጣ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ግምቱ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ እያንዳንዱን ስሕተት በሦስት ፊደል ይለዩት።

አሁን ብቻውን በትክክል ከሠራው «ሀ» ይጻፉበት፤ ያውቀው ነበር፣ የጣለው ጥድፊያ ወይም ፍርሃት ነው። ጥያቄው በአማርኛ ሲነበብለት ወይም በቀላል ቃል ሲነገረው ከሠራው «ለ»፤ ችግሩ ማንበብ ወይም እንግሊዝኛ ነው። አሁንም ካልቻለ «ሐ»፤ ትምህርቱ አልገባውም።

ከ18 ስሕተት 11ዱ «ሀ» ከሆነ አስጠኚ የገንዘብ ብክነት ነው። ልጁ የሚያስፈልገው ሰዓት እየተያዘ መለማመድና ሠርቶ ሲጨርስ መልሶ የማየት ልማድ ነው። «ለ» ከበዛ በየቀኑ 20 ደቂቃ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ያነበበውንም በራሱ ቃል መናገር ከሒሳብ ጥናት ይቀድማል። «ሐ» ከበዛ ግን አስጠኚ ዋጋ አለው፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። አስጠኚው የዛሬውን የቤት ሥራ አብሮ ሠርቶ እንዳይሄድ፣ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ወደታች ወርዶ ልጁ ያለ ችግር የሚሠራበትን ቦታ አግኝቶ ከዚያ ይጀምር። ብዙው ማስጠናት የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው፦ የቤት ሥራው ተሠራ፣ ደብተሩ 5 ከ5 አገኘ፣ ክፍልፋዩ አሁንም አልገባም።

በትክክል የመለሳቸውንም አይርሱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከነሱ አሥሩን ሳይነግሩት ይስጡት። ስምንቱን ከሠራ እውቀት ነው። ሦስት ብቻ ከሠራ ሽምደዳ ነበር፤ 90 ያመጣ ልጅ ላይ ይህን መሞከር 50 ካመጣው ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

ፍላጎቱን ለማየት ደግሞ አንድ ከባድ ጥያቄ ሰጥተው ከመተዉ ወይም «አሳዩኝ» ከማለቱ በፊት ስንት ደቂቃ እንደታገለው ይያዙ። በሳምንት አንዴ፣ ለአንድ ወር። ደቂቃው እየጨመረ ከሄደ ካርዱ ምንም ይበል፣ ልጁ መንገድ ላይ ነው። በሒሳብ ሁለት ደቂቃ የማይቆይ ልጅ የተበላሸ ራዲዮ ፈትቶ ከሰዓት ሙሉ ከተቀመጠ ትጋት አለው፤ ትጋቱ የጠፋው ትምህርቱ ላይ ነው፣ የጠፋበት ምክንያትም ብዙውን ጊዜ ከላይ ያለው «ሐ» ነው። ሰው ያልገባውን ነገር ለረጅም ጊዜ መውደድ ይከብደዋል።

መምህሩ ጋ ሲሄዱ «ስንተኛ ይወጣል?» አይበሉ፤ መልሱ ሮስተር (የክፍሉ የውጤት መዝገብ) ላይ አለ። «የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው የቀረው? እንዲያሻሽል አንድ ነገር ብቻ ቢነግሩት ምን ይሉታል?» ይበሉ። ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 እስራኤል ውስጥ ባደረገችው ሙከራ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ልጆች ሥራቸውም ፍላጎታቸውም ሲሻሻል፣ ነጥብና አስተያየት አብሮ የተሰጣቸው ግን አልተሻሻሉም፤ ነጥቡን አይተው አስተያየቱን ረሱት። 300 ወረቀት የሚያርም መምህር ለሁሉም አስተያየት ይጻፍ ማለት አይቻልም። ጠይቆ ለመጣ አንድ ወላጅ ግን በቃል አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። ሰኔ 30 ላይ ሮስተሩ ተዘግቷል፣ ወረቀቶቹም የት እንደገቡ አይታወቅም፣ ግቢው በወላጅ ተጨናንቋል። የሚሻለው ሚድ ታርሞ በተመለሰ በሳምንቱ፣ ልጁ የተሳሳተውን ገና ሳይረሳ፣ ወረቀቱም ደብተሩ ውስጥ ታጥፎ ሳለ ነው።